ግራፍ ሠሪው ካልኩሌተርና የተዳፋት ጥያቄ



ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ፣ በሁለት ጫፎቹ ብቻ ተደግፎ የተቀመጠ ቢም ይታሰብ። ከግራው ድጋፍ 2 ሜትር ርቆ 30 ኪሎ ኒውተን የሚደርስ ጭነት አርፎበታል፤ የቢሙ የራሱ ክብደት ለጊዜው ይተው። ከጭነቱ የግራው ድጋፍ 20፣ የቀኙ 10 ኪሎ ኒውተን እንደሚሸከም ለማወቅ ወረቀትና እርሳስ እንኳ አያሻም። ቤንዲንግ ሞመንቱ በግራው ጫፍ ከዜሮ ተነሥቶ በየሜትሩ 20 እየጨመረ ከጭነቱ ሥር 40 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም በየሜትሩ 10 እየቀነሰ በቀኙ ጫፍ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል። ሺር የሚባለው ቈራጭ ኀይል የሞመንቱ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም የሞመንቱ ግራፍ ተዳፋት ስለ ሆነ፣ ከጭነቱ በስተግራ 20፣ በስተቀኝ ነጌቲቭ 10 ኪሎ ኒውተን ነው። ይህ የአንደኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ይኸው ቢም ግራፍ በሚሠራ ካልኩሌተር ውስጥ ይግባ። የሞመንቱ ቀመር ይጻፋል፤ መኪናው ጣሪያ መሳይ ግራፍ ይሥላል፤ ቀጥሎም ጭነቱ ባረፈበት በ2 ሜትር ላይ ዴሪቬቲቩ ስንት እንደ ሆነ ይጠየቃል። መልሱ ወዲያውኑ ይመጣል፤ 5 ይላል። ስሕተት መኖሩን የሚያመለክት ቃል በመስኮቱ ላይ አይታይም። ቢሙን በልቡ የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይደነግጣል፤ በዚህ ቢም ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢኬድ 5 ኪሎ ኒውተን የሆነ ሺር የትም አይገኝምና።

ጭነቱ መካከል ላይ በ3 ሜትር ቢያርፍ ነገሩ የባሰ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሺሩ በግራ 15፣ በቀኝ ነጌቲቭ 15 ሲሆን፣ ካልኩሌተሩ ጭነቱ ባለበት ነጥብ ላይ ዜሮ ብሎ ይመልሳል። ከጭነቱ ሥር ምንም ሺር የለም ማለቱ ነው። ይህን ቍጥር አምኖ ስታፋውን አራርቆ የሚያስር ሰው ምን ሊደርስበት እንደሚችል ለዚህ ጉባኤ መግለጽ አያስፈልግም፤ ኮንክሪት በሺር ሲሰበር አስቀድሞ እምብዛም እንደማያስጠነቅቅ የታወቀ ነው።

መኪናው ተበላሽቶ ይሆን? አልተበላሸም። የተጠየቀውን ሳይሆን ሊመልስ የሚችለውን መለሰ እንጂ። ስለዚህም ይህ ንግግር የሚመረምረው ጉዳይ፣ ካልኩሌተሩ ዴሪቬቲቭ ብሎ የሚሰጠው ቍጥር በእርግጥ ምን እንደ ሆነ ነው።

እንደሚታወቀው ዴሪቬቲቭ የሚገኘው በሊሚት ነው። በአንድ ኩርባ ላይ ሁለት ነጥቦች ተወስደው በመካከላቸው ቀጥተኛ መስመር ይሠመራል፤ ሁለቱ ነጥቦች እየተቀራረቡ ሲሄዱ የመስመሩ ተዳፋት ወደ አንድ ቍጥር የሚጠጋ ከሆነ ያ ቍጥር የኩርባው ተዳፋት ይባላል። ካልኩሌተሩ ግን መቀራረብ አያውቅም። እንደ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ-83 እና ቲአይ-84 ባሉት መኪናዎች ውስጥ ያለው ኤን ዴሪቭ የተባለው ትእዛዝ፣ ከተጠየቀው ነጥብ በስተቀኝ አንድ እርምጃ ሄዶ የፈንክሽኑን ዋጋ ይለካል፤ በስተግራም ያንኑ ያህል ሄዶ ይለካል፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንስና ልዩነቱን ለእርምጃው ሁለት እጥፍ ያካፍላል። ተጠቃሚው ሌላ ካላዘዘ በቀር እርምጃው 0.001 ነው። እንግዲህ የሚለካው ከግራ ነጥብ እስከ ቀኝ ነጥብ ያለው ጠቅላላ ተዳፋት ነው፤ መካከለኛውን ነጥብ መኪናው ፈጽሞ አይረግጠውም።

ለለስላሳ ኩርባዎች ይህ ዘዴ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። የኤክስ ኪዩብ ዴሪቬቲቭ በ2 ላይ 12 መሆኑን ደንቡ ይናገራል፤ መኪናው 12.000001 ይላል። ትርፉ የእርምጃው ስኩዌር ነው እንጂ የዘፈቀደ ስሕተት አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ፣ ለምሳሌ በስተቀኝ ብቻ ቢኬድ ኖሮ መልሱ 12.006001 ይሆን ነበር። ግራና ቀኙን አመጣጥኖ መውሰድ ስሕተቱን ስድስት ሺሕ ጊዜ አሳነሰው ማለት ነው፤ ሠሪዎቹ ይህን መንገድ የመረጡበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ያው መመጣጠን ነው በቢሙ ላይ ያሳተው። ማእዘን ባለበት ቦታ የግራውና የቀኙ ተዳፋት ይለያያሉ፤ ትክክለኛው መልስ «እዚህ ነጥብ ላይ ዴሪቬቲቭ የለም» የሚል ነው። መኪናው ግን ሁለቱን አማካይ አድርጎ ያቀርባል። የ20 እና የነጌቲቭ 10 አማካይ 5 ነው። የፍጹም ዋጋ ፈንክሽን በዜሮ ላይ ሲጠየቅ ዜሮ የሚመልሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥሩ ልማድ ያለው መሐንዲስ ሊነሣና፣ «እርምጃውን እያሳነስሁ ደግሜ እሞክራለሁ፤ መልሱ ካልተለወጠ አምነዋለሁ» ሊል ይችላል። ልማዱ የሚመሰገን ነው፤ በብዙ ቦታም ያድናል። ለምሳሌ የኤክስ ኪዩብ ሩት በዜሮ ላይ ሲጠየቅ መኪናው በ0.001 እርምጃ 100 ይላል፤ እርምጃው ወደ 0.000001 ሲወርድ መልሱ 10,000 ይሆናል። ኩርባው በዚያ ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ቍጥሩ ወሰን አጥቶ ያድጋል፤ የሚሸሽ ቍጥር ደግሞ ራሱን ያጋልጣል። አንድን ለኤክስ አካፍሎ በዜሮ ላይ ዴሪቬቲቭ ቢጠየቅም እንዲሁ ነው። በዜሮ ላይ ፈንክሽኑ ራሱ የለም፤ መኪናው ግን ያን ነጥብ ስለማይረግጠው 1,000,000 ብሎ ይመልሳል፤ እርምጃው ሲቀየር እርሱም ይቀየራል።

ቢሙ ግን እንደዚህ አይደለም። እርምጃው 0.1 ቢሆን መልሱ 5 ነው፤ 0.01 ቢሆን 5 ነው፤ 0.001 ቢሆንም ያው 5 ነው። ስሕተቱ ጸንቶ ይቆማል፤ ጽናቱም እውነት ያስመስለዋል። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚገልጠው እርምጃን ማሳነስ ሳይሆን ግራና ቀኙን ለያይቶ መጠየቅ ነው። በ2 ሜትር ላይ ያለው ሞመንት 40 ነው፤ በ2.001 ላይ 39.99 ነው፤ ስለዚህ በስተቀኝ ተዳፋቱ ነጌቲቭ 10 ነው። በ1.999 ላይ 39.98 ነው፤ ስለዚህ በስተግራ 20 ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ በመካከላቸው ማእዘን አለ። ይህ ፈተና ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

የሆነ ሆኖ ነገሩን እዚህ ላይ ዘግቶ መኪናውን መኰነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአንድ ነጥብ ላይ ያረፈ ጭነት የሚባለው ራሱ የመሐንዲሱ አሳብ ነውና። በተፈጥሮ ማንኛውም ጭነት የሚያርፈው ስፋት ባለው ነገር ላይ ነው። ያ 30 ኪሎ ኒውተን 20 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው መቀመጫ ላይ፣ ከ1.9 እስከ 2.1 ሜትር ድረስ እኩል ተዘርግቶ ያርፋል ቢባል፣ ሺሩ በ1.9 ላይ 20 ሆኖ ይነሣና በ20 ሳንቲሜትር ውስጥ ቀስ በቀስ ወርዶ በ2.1 ላይ ነጌቲቭ 10 ይደርሳል። በመካከሉ በ2 ሜትር ላይ ስንት ነው? 5 ነው። ካልኩሌተሩ በሐሳባዊው ቢም ላይ የሰጠው ሐሰተኛ ቍጥር በእውነተኛው ቢም ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል። ማእዘን መስሎ የታየውም ጫፍ ይዶለዱማል፤ ከፍተኛው ሞመንት ጥቂት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ በ2.033 ሜትር ገደማ ላይ ይውላል፤ መጠኑም 40 መሆኑ ቀርቶ 39.33 ያህል ይሆናል።

ታዲያ 5ን መጠቀም ይገባል ማለት ነውን? አይደለም። ዲዛይኑን የሚገዛው በመቀመጫው ጠርዝ ላይ ያለው 20 ነው። ቍጥሩ እውነት ቢሆንም እንኳ ለተፈለገው ጥያቄ መልስ አይደለም። መሐንዲሱ የሚፈልገው በአንድ ነጥብ ላይ ያለውን ሺር ሳይሆን በአካባቢው የሚገኘውን ከፍተኛ ሺር ነው፤ ይህን መኪናው አልተጠየቀም፤ ስላልተጠየቀም አልመለሰም።

ግራፉን ማየት ከዚህ ስሕተት ያድናል የሚል አሳብ ይቀርባል፤ በከፊል ትክክል ነው። ዴሪቬቲቩ ራሱ እንደ ግራፍ እንዲሣል ሲታዘዝ በ20 ላይ ያለው አግድም መስመር በ2 ሜትር ላይ ድንገት ወድቆ በነጌቲቭ 10 ላይ ሲቀጥል ይታያል፤ ዐይን ደግሞ ከቍጥር ይልቅ ውድቀትን ቶሎ ያያል። ይሁንና የቲአይ-83 መስኮት ግራፉን የሚሥለው በ95 ዓምዶች ብቻ ነው። 6 ሜትሩ በእነዚህ ላይ ሲዘረጋ ከአንዱ ዓምድ እስከ ሌላው 6.4 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ የጠበበ ነገር ሁሉ በሁለት ዓምዶች መካከል ሊጠፋ ይችላል። ከዚህም ሌላ መኪናው ነጥቦችን በመስመር እንዲያገናኝ ከታዘዘ፣ ከ20 ወደ ነጌቲቭ 10 የሚወርድ ቀጭን መስመር ይሥላል፤ ልምድ የሌለው ተመልካች ያን መስመር የቢሙ ጠባይ አድርጎ ያነበዋል፤ መስመሩን ያመጣው ግን ነጥብን ከነጥብ የማያያዝ ልማድ ብቻ ነው።

የመስኮቱ ታላቅ ጥቅም ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ይኸውም በማጉላት ላይ። ለስላሳ ኩርባ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ደጋግሞ ሲጐላ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ በመጨረሻም ከቀጥተኛ መስመር የማይለይ ይሆናል፤ የዚያ መስመር ተዳፋትም ዴሪቬቲቩ ነው። ማእዘን ግን የቱንም ያህል ቢጐላ ማእዘን ሆኖ ይቀራል። በ12ኛ ክፍል ሊሚትን በቃል ያጠና ተማሪ፣ ይህን አንድ ጊዜ በዐይኑ ሲያይ ብዙ ገጽ ማብራሪያ ያልሰጠውን ትርጉም ያገኛል። ደግሞም ማጉላት መልክን ከባሕርይ ይለያል። የኤክስ ስኩዌር ሲደመር 0.0001 ስኩዌር ሩቱ ቢወሰድና ከነጌቲቭ 10 እስከ 10 ባለው መስኮት ቢታይ እንደ ፍጹም ዋጋ ፈንክሽን ጫፉ የሾለ ይመስላል። መስኮቱ ወደ ነጌቲቭ 0.02 እና 0.02 ሲጠብ ግን ጫፉ እንደ ሳህን ክብ ሆኖ ይገኛል። ከላይ የተነገረው የቢሙ መቀመጫ ታሪክ በቍጥር መልክ ይኸው ነው።

ማጉላትም ሆነ እርምጃን ማሳነስ ድንበር አለው። የአንድ መኪና ሐሳብ በ14 አኀዝ የተወሰነ ከሆነ፣ በ2 ላይ በ15ኛው የዴሲማል ቦታ ያለ ቍጥር ሲደመርበት ያው 2 ሆኖ ይቀራል፤ ሲቀነስበትም ተጠጋግቶ 2 ይሆናል። ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ተዳፋቱም ዜሮ ይባላል፤ 12 መሆን የነበረበት ማለት ነው። እርምጃው ሲሰፋ የኩርባው መታጠፍ ያስታል፤ ሲጠብ የአኀዝ ማነስ ያስታል። የሚሻለው በመካከል ያለው ነው፤ የት እንደ ሆነ ግን ፈንክሽኑን ያወቀ ሰው ይወስናል።

ይህ ጉዳይ በቀመር ላይ ከሚያሳስበው ይልቅ በመስክ ልኬት ላይ ያሳስባል። በወንዝ ዳር የተተከለ የውሃ ከፍታ መለኪያ እስከ አንድ ሳንቲሜትር ድረስ ይነበባል ይባል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ እስከ ግማሽ ሳንቲሜትር ሊሳሳት ይችላል። ጐርፍ በሚመጣበት ጊዜ ውሃው በሰዓት ምን ያህል እየጨመረ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ዴሪቬቲቭ ነው። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ቢነበብ የሁለቱ ንባብ ስሕተት ተደምሮ እስከ 1 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ ወደ ሰዓት ሲለወጥ በሰዓት 60 ሳንቲሜትር ስሕተት ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ቍጥር ነዋሪውን በከንቱ ከቤቱ ሊያስወጣ፣ ወይም ሊሸሽ የሚገባውን በቤቱ ሊያስቀምጥ ይችላል። በ10 ደቂቃ ልዩነት ስሕተቱ በሰዓት ወደ 6 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ በሰዓት ልዩነት ወደ 1 ሳንቲሜትር። ነገር ግን በፍጥነት በሚሞላ ወንዝ ላይ አንድ ሰዓት መጠበቅ ጐርፉ ካለፈ በኋላ እንደ መጠየቅ ነው። ምን ያህል ይጠበቅ የሚለውን የሚነግር ቁልፍ በየትኛውም ካልኩሌተር ላይ የለም፤ ወንዙን የሚያውቅ ሰው ነው የሚናገረው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናው የሚመሰገንበትን ሥራ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ስፋቱ 2 ስኩዌር ሜትር የሆነ ውሃ የሚያሳልፍ አራት ማእዘን ቦይ ይሠራ ቢባል፣ ውሃው የሚነካው የግድግዳና የወለል ርዝመት አነስተኛ የሚሆንበት ጥልቀት ይፈለጋል። ርዝመቱ፣ 2 ለጥልቀቱ ተካፍሎ የጥልቀቱ እጥፍ ሲደመርበት የሚገኘው ነው። ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆነው ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ሲሆን ነው፤ ርዝመቱም 4 ሜትር ይሆናል። በወረቀት የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ 1 ሜትር ብሎ ይጽፋል። ግራፉን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል፤ የኩርባው ታች ሜዳ ነው። ጥልቀቱ 0.9 ቢሆን ርዝመቱ 4.022 ነው፤ 1.1 ቢሆን 4.018 ነው። ጥልቀቱ አሥር በመቶ ቢዛነፍ የሚከፈለው ዋጋ ከግማሽ በመቶ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ድንጋይ በ90 ሳንቲሜትር ላይ ከተገኘ ወደ 1 ሜትር ለመድረስ ብሎ ድማሚት መጠቀም አያስፈልግም። ይህን ዴሪቬቲቩ ብቻውን አይናገርም፤ ግራፉ ይናገራል። በቦታው ላይ ሆኖ ከቆፋሪዎች ጋር ለሚነጋገር መሐንዲስ ይህ ትልቅ ነጻነት ነው።

ስለ ዲግሪና ራዲያን ባጭሩ ይነገር። ቀያሽ መኪናውን በዲግሪ ያስቀምጣል። በዚያው አቀማመጥ የሳይን ዴሪቬቲቭ በዜሮ ላይ ሲጠየቅ መልሱ 1 መሆኑ ቀርቶ 0.01745 ይሆናል። በየዲግሪው ለተጠየቀ ትክክል ነው፤ በራዲያን ለሚያስብ ግን 57 ጊዜ ያነሰ ነው። ብዙ ወጣቶች በዚህ ተሰናክለዋል፤ አንዳንድ ሽማግሌዎችም እንዲሁ።

በታሪክ ረገድ አንድ ነገር ማንሣት ደስ ያሰኛል። ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1673 ዓ.ም. የሠራውን የሒሳብ መኪና ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ አሳይቷል፤ በ1684 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ዴሪቬቲቭ ስሌት የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳትሟል። ሁለቱ አሳቦች በአንድ ራስ ውስጥ ተወልደው፣ በአንድ ኪስ ውስጥ እስኪገናኙ ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ኤችፒ-35 በ1972 ዓ.ም. ወጣ፤ ግራፍ የሚሠራው የመጀመሪያው የካሲዮ ኤፍኤክስ-7000ጂ በ1985 ዓ.ም.፤ ቀመርን በቀመርነቱ ይዞ ደንብ እየተከተለ ዴሪቬቲቭ የሚያወጣው ኤችፒ-28ሲ በ1987 ዓ.ም. ተከተለ። ይህ የመጨረሻው ዓይነት የእርምጃን ችግር ለቀመሮች ያስወግዳል፤ በመለኪያ ለተገኘ ንባብ ግን ደንብ የሚያወጣበት ቀመር ስለሌለ መኪናው እንደገና ወደ ልዩነትና ማካፈል ይመለሳል። ዛሬ በኪስ ስልክ ላይ በሚሠሩት ፕሮግራሞችም ይኸው ሁኔታ አለ።

ከዚህ በፊት ስላይድ ሩል ይዞ የሚሠራ መሐንዲስ፣ መሣሪያው የዴሲማል ነጥቡን ስለማያስቀምጥለት፣ መልሱ በአሥር ይሁን በመቶ አስቀድሞ በራሱ ለመገመት ይገደድ ነበር። ያ ግዴታ የመጣው ከመሣሪያው ድኽነት ነው። ዛሬ መሣሪያው ባለጸጋ በመሆኑ ግዴታው ወደ ቢሮው ደንብ መዛወር ይኖርበታል። በሒሳብ ወረቀት ላይ ከካልኩሌተር የተወሰደ ዴሪቬቲቭ ሲጻፍ ከጐኑ እርምጃው ይጻፍ፤ የግራና የቀኝ ተዳፋቱ ተለይተው ይጻፉ፤ የማእዘን መለኪያውም ዲግሪ ይሁን ራዲያን ይመልከት። ለቢሙ የሚሆነው ጽሑፍ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ «በ2 ሜትር፤ እርምጃ 0.001፤ ግራ 20፤ ቀኝ ነጌቲቭ 10፤ ለዲዛይን 20።» መርማሪው ይህን ካነበበ በኋላ ካልኩሌተሩን ማንሣት እንኳ አያስፈልገውም፤ ወደ ስታፋው ሥዕል በቀጥታ ይሄዳል።